መሃሉ አልደርቅ ያለው ጣውላ

ይህ ታሪክ የእውነት ነው።

አውቃለሁ... ሁሉም እንዲህ እያለ ነው የሚጀምረው። ከዚያ መብራት ይጠፋል፣ ጅብ ይጮሃል፣ በሩ ሲጥ ይላል። እንዲህ ዓይነቱን ተረት የለመደ ካለ ጊዜውን አያባክን፤ ሌላ ቻናል ይፈልግ።

እዚህ ውስጥ መብራት አልጠፋም። ጅብም አልጮኸም።

ነገሩ የለየለት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ቦታው ኮምቦልቻ፣ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አስፋልቱ ላይ ከባድ መኪና እየተከታተለ ያልፋል። በእንደዚህ ዓይነት ሰዓት ማን ይፈራል?

እስከዳርም አልፈራችም።

እሷ መናቅ እንጂ መፍራት አታውቅም ነበር።

የሆነውን የነገረችኝ ራሷ ናት። አብሯት ይሠራ የነበረውን ሀፊዝንም ለብቻው አግኝቼ ጠይቄዋለሁ። ሁለቱ ከዚያ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም። የነገሩኝ ግን ቃል በቃል አንድ ነው።

እስከዳርን ላስተዋውቃችሁ።

አናጢዎችን "ሚስማር መቺ" ትላቸዋለች። ደንበኞቿን "ፎርማይካ ናፋቂ" ትላቸዋለች። ደሴ ስትወጣ ብርዱን፣ ኮምቦልቻ ስትወርድ ሙቀቱን ታማርራለች፤ ሁለቱም ከተሞች እሷን ለማስቸገር የተቆረቆሩ ይመስላታል። የሰው ሰላምታ ስትመልስ እንኳ ምጽዋት የወረወረች ያህል ነው።

እጇ ግን ወርቅ ነበር። እሱን አልክዳትም።

የምትሠራው የእንጨትና የኢፖክሲ ጠረጴዛ ነው። ኢፖክሲ ሁለት ፈሳሽ ነው፤ አንዱ ሬዚን፣ ሌላው ሃርድነር ይባላል። ለየብቻቸው እንደ ማር ይፈሳሉ። በልክ ሲዋሃዱ ግን በማግስቱ እንደ መስታወት ይጠጥራሉ። እንጨት ላይ ሲፈስ፣ እንጨቱ ከጠራ ውሃ ሥር የተኛ ይመስላል።

ዊዳድ የምትባል የልጅነት ጓደኛዋ ደሴ ፒያሳ ላይ ካፌ ልትከፍት ነበር።

"ሰው በር ላይ ቆሞ አፉን የሚከፍትበት ጠረጴዛ ሥሪልኝ" አለቻት።

"አፍ መክፈትማ ይችሉበታል" አለች እስከዳር።

ዊዳድ የምርቃቱን ቀን ለከተማው ሁሉ አወጀች። የጠረጴዛውን ሠሪ ስምም አብራ አወጀች። የኛ አገር ሰው ደግሞ ቀልድ ከጀመረ አይምርም። ጠረጴዛው ቢቀር፣ እስከዳር ሌላውን ሁሉ እየረገጠች የቆመችበት ስም በአንድ ከሰዓት ማላገጫ ይሆናል።

ጣውላውን ያመጣላት እንጨት ነጋዴው ሰይድ ነው።

ወጥ የዋንዛ ጣውላ ነው። ከሰው ቁመት ትንሽ ይተርፋል። ከዕድሜ ብዛት ጠቁሯል። ጠርዙ ከፍ፣ መሃሉ ዝቅ ያለ ነው፤ እንደ ትልቅ ገበታ። መሃሉ ደግሞ ይለሰልሳል... በማሽን የለሰለሰ ሳይሆን በእጅ ብዛት የለሰለሰ።

"ከየት አመጣኸው?"

"ከገራዶ።"

"ለምን ነበር የሚሠሩበት?"

ሰይድ ማጅራቱን አከከ። "ያው... እንጨት ነው።"

"እንጨት መሆኑንማ ፍየልም ያውቃል። ሂድ ይብቃህ።"

ደግማ አልጠየቀችውም። ሰይድ ምን ያውቃል ብላ።

ጠርዙን ገጥማ፣ አጽድታ፣ ውህዱን ሀፊዝ እንዲያዘጋጅ አደረገች። ሀፊዝ የልጆች አባት ነው፤ በዕድሜ ይበልጣታል፤ ቢሆንም "እትዬ" ይላታል። ሁለት ጣት ውፍረት አፈሰሱበት። ላስቲክ ጋርደውበት ሄዱ።

ጠዋት ላስቲኩን ገለጡት።

ዳር ዳሩ መስታወት ሆኗል።

መሃሉ ግን... ጣቷን ስታሳርፍበት ተከትሏት ተነሳ። እንደ ሙጫ ተለጠጠ።

"ሀፊዝ!"

"አቤት እትዬ።"

"ሁለት እጅ ሬዚን፣ አንድ እጅ ሃርድነር ነው ያልኩህ። ሁለትና አንድ መቁጠር አቃተህ?"

"ወላሂ በትክክል ነው የለካሁት።"

"ወላሂ አያደርቅም! መለካት ነው የሚያደርቅ።"

ሀፊዝ ስፓቱላ አንስቶ መፋቅ ጀመረ።

ኢፖክሲ አልደርቅ ሲል ምክንያቱ ይታወቃል። ወይ ልኬቱ ተዛብቷል፣ ወይ በደንብ አልተማሰለም፣ ወይ ብርድ መቶታል፣ ወይ እንጨቱ እርጥብ ነው። ሌላ ምክንያት የለም። ሌላ ምክንያት አለ የሚላትን ሰው እስከዳር ከጅል ነበር የምትቆጥረው።

ሁለተኛውን ራሷ ለካች። በሚዛን። የባልዲውን ታችና ዳር እየፋቀች አማሰለች። ወደ ሌላ ንጹሕ ባልዲ ገልብጣ እንደገና አማሰለች። አፈሰሰችው። የተረፈውን በፕላስቲክ ኩባያ አድርጋ አጠገቡ አስቀመጠችው።

በማግስቱ ኩባያው ውስጥ ያለው ድንጋይ ሆኗል። ብትወረውረው ግድግዳ ይበሳል።

ጣውላው ላይ ያለው፣ ከዚያው ባልዲ የፈሰሰው... መሃሉ አልደረቀም።

ስለዚህ ልኬቱ አይደለም። ማማሰሉም አይደለም።

መዳፏን አሳረፈችበት። ላስቲኩ ሥር እንደ ምድጃ በሚሞቅ ቤት ውስጥ፣ መሃሉ ይቀዘቅዝ ነበር። ጠርዙ ሞቃት ነው። መሃሉ... እንደ ጉድጓድ ውሃ።

ፎቶ አንስታ የኢፖክሲ ሠሪዎች በተሰባሰቡበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀችው። አንዱ "ሃርድነር ጨምሪበት" አላት። አንዱ "ሃርድነር በዝቶበት ነው" አላት። አንዱ የራሱን ጠረጴዛ ፎቶ ልኮ "ዋጋ በውስጥ መስመር" አለ።

"መንጋ!" ብላ ስልኳን ወረወረች።

የቀረው እርጥበት ነው። የእርጥበት መለኪያውን አምጥታ እንጨቱ ላይ ሰካች። ደረቅ ነው ይላል። ገልብጣ ከሥሩ ሰካች። ደረቅ ነው ይላል። መሃሉንም። ራስጌውንም።

"መሣሪያው ልክ ነው፣ እንጨቱ ነው የሚዋሸው" አለች፤ የሀፊዝ ፈገግታ ካለ ልታፍነው ዞር አለች።

ሀፊዝ አልሳቀም። አጎንብሶ ያሸታል።

"ምን ታሸታለህ?"

"አይሸትሽም?"

"ምኑ?"

"ሳሙና... እና ሌላ ነገር።"

አጎነበሰች። ኢፖክሲ የራሱ ሽታ አለው፤ እሱን ታውቀዋለች። ከሱ ሥር ግን ሌላ አለ። ቀዝቃዛ፣ አፍንጫ የሚያጥን፣ መድኃኒት መድኃኒት የሚል።

"ካፉር ነው" አለ ሀፊዝ በሹክሹክታ።

"ካፉር ምንድን ነው?"

"ጀናዛ... አስከሬን ሲታጠብ፣ የመጨረሻው ውሃ ላይ የሚጨመር።"

እስከዳር ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ሳቀች።

"ሂድና አምፖሎቹን አምጣ። ውሃህ ይተንናል።"

ፋቁት። በአልኮል ወለወሉት። ሦስተኛውን አፈሰሱ። ባለ ትልቅ ዋት አምፖሎች ከላይ ሰቅለው ቀኑን ሙሉ አሞቁት።

በማግስቱ ያልደረቀው ቦታ በጣም አንሷል። መሃል ላይ ብቻ ቀርቷል። የክንድና የስንዝር ያህል።

"አየህ?" አለች። "እያነሰ ነው። ሙቀት ነው የፈለገው። አንተ ቢሆን እስካሁን ጠንቋይ ቤት ነበርክ።"

አራተኛውን በደስታ አፈሰሰች።

ጠዋት ሲገልጡት... ያልደረቀው ቦታ ከሁሉም ጊዜ ይበልጣል። ከራስጌ እስከ ግርጌ።

ከምሳ መልስ ሀፊዝ ስልኳን ከጠረጴዛ ላይ አነሳ። ሳያስፈቅዳት ነክቶት አያውቅም ነበር፤ ያን ቀን አላስፈቀደም። ጠዋት ጠዋት ላስቲኩ ሲገለጥ ያነሳቻቸውን የአራቱን ቀን ፎቶ እያሳለፈ አሳያት።

"እትዬ... እስቲ በደንብ እይው።"

"ምኑን?"

"ዳሩን። ያልደረቀውን ዳር ተከተይው።"

ተከተለችው።

የመጀመሪያው ረጅም ነው። ከላይ ክብ፣ ከዚያ ሰፋ፣ ከዚያ እየጠበበ ይወርድና ጫፉ ላይ ወደ ጎን ይታጠፋል።

ሁለተኛው አጭር ነው። ወገቡ ላይ ጎበጥ ብሏል።

ሦስተኛው...

"ይሄ ሰው ነው" አለ ሀፊዝ። "እያንዳንዱ... ሌላ ሌላ ሰው ነው።"

"አንተ ደመና ላይም በግ ታያለህ።"

"የደመና በግ አይሸትም።"

ምላሽ ልትሰጠው አፏን ስትከፍት...

"አሰላሙ አለይኩም።"

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው።

በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። ነጭ ቆብ፣ ከዘራ፣ የታጠበ ጋቢ። ከኋላቸው ሰይድ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ እንደ ተያዘ ሌባ።

"ወአለይኩም ሰላም" አለ ሀፊዝ፣ ተስፈንጥሮ ወንበር አመጣ።

ሰውየው ሼህ ኑርሁሴን ይባላሉ። የመጡት ከደሴ ማዶ፣ ከገራዶ ነው። እስከዳር አልተነሳችም።

"ደህና ዋሉ። ጠረጴዛ ፈልገው ነው?"

"የለም ልጄ። የኛን ጣውላ ፈልጌ ነው።"

ነገሩን ረጋ ብለው አስረዱ። ጣውላዋ የቅሬያቸው ናት። ወሎ የቀብር ማኅበሩን ቅሬ ነው የሚለው። ወጣቶቹ የብረት ጠረጴዛ አስመጡና ለአሮጌዋ ቦታ የለንም አሉ። ሼሁ ለጉዳይ ደሴ ወጥተው ሳለ፣ ወጣቶቹ ለሰይድ ሰጧት።

"ምን ነበረች?" አለ ሀፊዝ። እያወቀው ነው የጠየቀው።

"ጀናዛ የምናጥብባት።"

አንድ ከባድ መኪና በደጅ አለፈ። ባልዲዎቹ ተንቀጠቀጡ።

እስከዳር መጀመሪያ ሰይድን አየችው። "እንጨት ነው! አይደል? ሆዳም!"

ቀጥላ ወደ ሽማግሌው ዞረች። ንቀቷ ሲበዛ ትሕትናዋም ይበዛል።

"አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እንጨት እንጨት ነው። የሞተ ሰው ይተኛበት፣ ሙክት ይታረድበት፣ ለእኔ አንድ ነው።"

"ለሷስ?" አሉ ሼሁ።

"ለማን?"

ሼሁ ጣውላዋን በከዘራቸው አሳዩ። "ለሷስ አንድ ነው?"

መልስ አልጠበቁም። ተነስተው ተጠጉ።

"ደርቃልሻለች?"

ወደ መሃሏ ጎንበስ አሉ።

"ካጠብንባት በኋላ ፀሐይ ላይ እናቆማት ነበር። ጠርዟ ወዲያው ነው የሚደርቀው። መሃሏን ግን... በጎልማሳነቴ ነው ማጠብ የጀመርኩት፣ ይኸው አረጀሁ፤ መሃሏ ደርቆ አላየሁም።"

እስከዳር ስልኳን ከሀፊዝ እጅ ነጠቀች።

"እንግዲያውስ ይዩዋቸው! ይሄ የኔ ሠራተኛ ሰዎች ናቸው ይላል። እርስዎ ያጠቧቸው ከሆኑ ሰላም ይበሏቸው።"

ሼሁ ስልኩን ከዓይናቸው አራቁት። የመጀመሪያውን ፎቶ አዩ።

ፈገግ አሉ።

"ይሄ በሺር ነው" አሉ። "ቁመቱ ከጣውላዋ ተረፈ። ይኸው እግሩን ወደ ጎን ሰብሰብ አድርገን ነው ያጠብነው። አላህ ይርሐመው።"

የእስከዳር ፈገግታ ፊቷ ላይ ቀረ። የሚወስደው አጥቶ።

ሁለተኛውን አዩ። ብዙ ጊዜ አዩት።

"ዘይቱና ናት።"

"ማን ናት?" አለ ሀፊዝ።

"ሚስቴ። እኔው ነኝ ያጠብኳት። ወገቧ ከመጨረሻ ልጃችን ወዲህ እንዲህ ነበር።" በአውራ ጣታቸው የስልኩን መስታወት ዳሰስ አደረጉት። "እንዲህ ነበር..."

ሦስተኛውን ሲያዩ ቶሎ አሳለፉት። "ይሄን ተዪው። ሕፃን ነው። እናቱ አለች።"

ከዚያ ስልኩን ለሀፊዝ መለሱለትና ወደ ጣውላዋ ዞሩ። በዚያ ጠዋት ወደ ተገኘው። ከራስጌ እስከ ግርጌ ወደ ተኛው።



አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩት። በዚህ በኩል ዞሩ። በዚያ በኩል ዞሩ። ልብስ ሰፊ ልክ የሚወስድ ነው የሚመስሉት።

"ይሄን አላጠብኩትም" አሉ።

"እንግዲያው ተሳስተዋል" አለች እስከዳር። ድምፏ ቀጥኗል።

"አልተሳሳትኩም።" ሳቅ አሉ፤ በአፍንጫቸው፣ ለራሳቸው። "አልችልማ። እንዴት ብዬ?"

"ምን ማለት ነው?"

"ጣውላዋን መልሺልን ልጄ። አናቆይብሽም። አንድ ጊዜ ብቻ ናት የምታስፈልገን።"

"አልችልም። ቃል የገባሁበት ሥራ ነው። የብረት ጠረጴዛ አለን አላሉም እንዴ?"

"አለን። ብርዱ አይቻልም እንጂ።"

ከዘራቸውን አነሱ። "አብሽሪ። አትጨነቂ" አሏትና ወጡ።

እስከዳር ከኋላቸው አየቻቸው።

የቀኝ ትከሻቸው ከግራው ዝቅ ያለ ነው። ብዙ ዝቅ ያለ። ተሰብሮ በደንብ ያልተጠገነ ዓይነት።

ዓይኗ ወደ ጣውላው ሄደ።

ሀፊዝም ያንኑ ሲያይ አገኘችው።

"አንድ ቃል እንዳትናገር" አለችው።

ያን ቀን ከሰዓት ሀፊዝን ወደ ቤቱ ሰደደችው። ብቻዋን ፋቀችው። መሃሉን በመላጊያ ላገችው፤ እንጨቱ አዲስ ገጽ እስኪያወጣ ድረስ። ስትልግ ትሳደባለች። ሰይድን፣ ቅሬውን፣ ገራዶን፣ ሽማግሌውን። "ትከሻው የወረደ ሰው ወሎ ውስጥ እሱ ብቻ ነው?" ትላለች ለግድግዳው። ፀሐይ ሳትጠልቅ አምስተኛውን አፈሰሰች።

ጠዋት ገለጠችው።

እስከዚያ ቀን ቅርጹ በየጊዜው ይለዋወጥ ነበር። ያን ቀን አልተለወጠም።

ያው ነው። ራሱ። የቀኝ ትከሻው የወረደ።

ስልኳ ጮኸ። ሰይድ ነው።

"እስከዳር..."

"ምንድን ነው?"

"ሼሁ... ጎህ ሲቀድ ሱብሂ ሰግደው ጋደም እንዳሉ..."

አልጨረሰውም።

"ልጃቸው ዘካሪያ ጣውላዋን አምጡልኝ ይላል። አባቴ ተናዝዘዋል፣ በብረቱ ላይ እንዳታጥቡኝ ብለዋል ይላል።"

እስከዳር ጣውላውን እያየች ቆመች። ልንገራችሁ አይደል... በዚህች ሰዓት እንኳ የመጣላት የጠረጴዛው ነገር ነው።

"አመጣዋለሁ" አለች። "ግን ይጣበቃል በላቸው። ሲጨርሱ ደግሞ መልሼ እወስደዋለሁ። ዊዳድ ትጠብቀኛለች።"

ጥበቡ የሚባል ሹፌር ፒካፑን ይዞ መጣ። ጣውላውን በሸራ ሸፍነው ከኋላ ጫኑት። ሀፊዝ እንዳይንሸራተት ይዞ አብሮት ተቀመጠ። እስከዳር ከፊት ገባች።

ከኮምቦልቻ ሲነሱ ፀሐይ ነበር። ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲጀምሩ ጉም ወረደ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ መኪኖች መብራት አብርተው ይወጣሉ። ጥበቡ በመስታወቱ ወደ ኋላ እያየ ይነዳል።

"የኋላዎቹን ከፊት ብታስገቢያቸው ምናለ?" አለ። "ብርድ ነው።"

"አንድ ሰው ነው። ዕቃ ይዞ ነው።"

ጥበቡ መስታወቱን አየ።

"ሽማግሌውስ?"

"የምን ሽማግሌ?"

እንደገና አየ። ከዚያ እጁን ሰዶ መስታወቱን ወደ ጣሪያው አዞረው።

ገራዶ እስኪደርሱ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም። እሷም ወደ ኋላ አልዞረችም። ለምን እንዳልዞረች ስጠይቃት "አንገቴን አሞኝ ነበር" አለችኝ።

ግቢው በሰው ሞልቷል። ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ወንዶቹ በሌላ ወገን። ማጠቢያው ከቤቱ ጀርባ በአንሶላ ተከልሏል። ዘካሪያ ወጥቶ ተቀበላቸው። ዓይኑ ቀልቷል።

"አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"አባቴ ትላንት ካንቺ ዘንድ ሲመለሱ ይስቁ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሳቁ። ምን አልሻቸው?"

እስከዳር ዞር ብላ የጣውላውን ሸራ መፍታት ጀመረች።

ወንዶቹ ጣውላውን ተሸክመው ገቡ። እንዳይጣበቅ አዲስ አቡጀዴ አነጠፉበት። ሀፊዝ እጅጌውን ሰብስቦ ከእነሱ ጋር ገባ። እሷ ከሴቶቹ ጋር ቀረች።

ውሃ ሲፈስ ተሰማ።

ጣሳው ባልዲውን ይነካል... ውሃ ይፈሳል። እንደገና ጣሳው ይነካል... ይፈሳል።

ውሃ የሚያቀብሉት ልጆች እየተመላለሱ ጀሪካን ያስገባሉ። ባዶውን ያወጣሉ። ሌላ ያስገባሉ። ቆየ። በጣም ቆየ።

ከእስከዳር አጠገብ የቆመች ሴት ወደ ጎረቤቷ አዘነበለች።

"ይሄ ሁሉ ውሃ... ለአንድ ሰው ነው?"

"ዝም በይ" አለቻት ሌላዋ።

ውሃው ቆመ።

ሀፊዝ ወጣ። ክንዱ እስከ ክርኑ እርጥብ ነው። ከንፈሩ ነጥቷል።

"ምነው?" አለችው በሹክሹክታ።

"ገጠመ።"

"ምኑ?"

"ትከሻው። ተረከዙ። ሁሉም።" እጅጌውን አወረደ። "ስናስተኛቸው... ወደ ቦታቸው እንደ ገቡ ነው የሚመስሉት።"

"ሀፊዝ፣ ጣውላውን..."

"በቃኝ።"

"ምን?"

"በቃኝ ነው የምልሽ፣ እስከዳር።"

እትዬ አላላትም። ከእግር እስከ ራሷ አያት። እሷ ሰውን ሁሉ ስታይ በኖረችበት ዓይን ነበር ያያት። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቷት ወደ ወንዶቹ ሄደ።

ቃሬዛው ወጣ። ግቢው "ላ ኢላሃ ኢለላህ" እያለ ተንቀሳቀሰ። ዘካሪያ ከመሄዱ በፊት ከአንድ ጎረምሳ ጋር ጣውላውን አምጥቶ ሁለት ድንጋይ ላይ አስቀመጠው። አቡጀዴውን ገፈፈው። እንዳለ ንጹሕ ሆኖ ተነሳ። አንድ ክር አልተጣበቀበትም።

"ያውልሽ ጠረጴዛሽ" አለ። እንደ መትፋት ነው ያላት።

ሁሉም ሄደ። ሴቶቹ ወደ ቤት ገቡ። ጉሙ እስከ አጥሩ ድረስ መጥቷል። እስከዳር ብቻዋን ቀረች።

መዳፏን አሳረፈችበት።

ደርቋል።

ከራስጌ እስከ ግርጌ። ከዳር እስከ ዳር። በጥፍሯ ጫነችው፤ ምልክት አልተወም። በቁልፏ ቆረቆረችው፤ እንደ ብርጭቆ ጮኸ። ቅርጽ የለም፣ ጥላ የለም፣ ሽታ የለም። ከሥሩ የዋንዛው መስመር አንድ በአንድ ይታያል። ከሠራቻቸው ሁሉ የዚህን ያህል የጠራ ኖሮ አያውቅም።

ሳቀች። ብቻዋን፣ የሰው ለቅሶ ግቢ ውስጥ።

"ታዲያ ይሄ ሁሉ ወሬ ለምን ነበር?" አለች።

ለዊዳድ ፎቶ ልትልክላት ስልኳን አወጣች። ብርሃኑ እንዳያንጸባርቅ አጎነበሰች።

በዚያን ጊዜ ነው ያየችው።

በራስጌው በኩል፣ ከእንጨቱ ላይ፣ ምስር የምታክል አረፋ ተነሳች።

በደረቀው ውስጥ። እንደ ድንጋይ በጠጠረው ውስጥ።

ቀስ እያለች ወደ ላይ ወጣች... ከገጹ ሥር ደርሳ ቆመች።

እስከዳር በጥፍሯ ነካቻት። ጥፍሯ ያገኘው ብርጭቆ ነው።

ከአጥሩ ማዶ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ የሰጋጆቹ "አላሁ አክበር" ተሰማ።

ሌላ አረፋ ተነሳች። ወጣች። ከመጀመሪያዋ አጠገብ ተለጠፈች።

ከዚያ ሌላ... በእኩል ፋታ። ሰው በእንቅልፍ ልቡ እንደሚተነፍሰው።

እስከዳር ሳታስበው "ማነው?" አለች። በሹክሹክታ።

አራተኛዋ ከእንጨቱ ተላቃ ነበር። ወደ ላይ መውጣት ጀምራ ነበር።

መሃል መንገድ ላይ ቀጥ አለች።

ከሥር ያለ አንድ ሰው እሷ ከላይ መኖሯን ሰምቶ... ትንፋሹን የያዘ ይመስል።